ማርሽሜሎ የሚጠበሰው በፍም ነው፣ በነበልባል አይደለም

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሀዋሳ ነው። በዚህ ክረምት እህቴ ከነልጆቿ ከአሜሪካ ትመጣለች። ልጆቹ ማርሽሜሎ ይዘን መጥተን፣ ማታ ማታ እሳት አንድደን እንጠብሳለን እያሉ በስልክ ይወተውቱኛል። እኔ ይህን ነገር በፊልም አየሁት እንጂ በእጄ ነክቼው አላውቅም። እዚህ ክረምቱ ዝናብ ነው፤ ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ጾም አለ፤ የቅርብ ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ስለሆኑ የእነርሱም ልጆች መምጣታቸው አይቀርም። ለመሆኑ ማርሽሜሎ ከምን ይሠራል? እንዴት ይጠበሳል? እዚህ መሥራትስ ይቻላል? ከእኛ ምግብ አብሮት ምን ይቀርባል? ልጆቹ እንዳይቃጠሉብኝም እፈራለሁ።»

ምላሽ፦ እህቴ፣ በጣፋጭና በዳቦ ሥራ የምተዳደር፣ ሙያውንም ለወጣቶች የማስተምር ሰው ነኝና ጥያቄዎ ደስ ብሎኛል። በመጀመሪያ ግን ከሚያስቸኩለው ልነሳ። እሳቱ ይደርሳል፤ እህትዎ ሻንጣዋን ሳትዘጋ ሊነገራት የሚገባው ነገር ግን ዛሬውኑ መነገር አለበት።

ማርሽሜሎ ስኳር፣ የግሉኮስ ሽሮፕ፣ ውሃ፣ ጀላቲንና አየር ነው። ከሁሉም የሚበዛው አየሩ ሲሆን አየሩን አፍኖ የሚይዘው ጀላቲኑ ነው። ጀላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ ፕሮቲን ነው። በአሜሪካ ሱቆች በየመደርደሪያው ከሚገኙት የተለመዱ ማርሽሜሎዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት ከአሳማ በተገኘ ጀላቲን ሲሆን፣ በማሸጊያው ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ጀላቲን» ከሚለው ቃል ሌላ ማብራሪያ አይሰጥም። ስለዚህ ያ ማሸጊያ ለጾም ቀን ቀርቶ ለፍስኩም ለእርስዎ ቤት አይሆንም፤ ለጎረቤቶችዎ ልጆችም እንዲሁ። ልጆቹ አምጥተው ካዘረገፉት በኋላ ይህን ማስረዳት ለማንም ከባድ ነው። ለእህትዎ አስቀድመው ይንገሯት፤ ሁለት ምርጫ አላት። አንደኛው ሐላል የሚል ምልክት ያለበት፣ ከከብት ወይም ከዓሣ ጀላቲን የተሠራው ነው፤ ይህ ለጎረቤቶችዎ ይሆናል፣ ለእርስዎም ከጾም ውጭ ባሉት ቀናት ያገለግላል። ሁለተኛው «ቪጋን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው፤ በውስጡ የእንስሳት ተዋጽኦ የለም፣ በጀላቲን ምትክ አብዛኛውን ጊዜ ካራጊናን የተባለ፣ ከባሕር ውስጥ ዕፅዋት የሚወጣ ማርጊያ ይገባበታል። እሳት ላይም ጥሩ አድርጎ ይጠበሳል። ከእኔ ምክር ከጠየቁ ሁለተኛውን ብቻ ታምጣ። በአንድ እሳት ዙሪያ የተሰበሰቡ ልጆች «ይህ ያንተ ነው፣ ያ የእርሷ ነው» ሳይባሉ ከአንድ ሳህን ቢያነሡ ይሻላል።

ልጆቹ ሲበሉ ታሪኩን ቢጠይቁዎት አጭር ነው። በጥንት ዘመን ረግረግ ላይ ከሚበቅል የአንድ ተክል ሥር የሚገኘው ማር መሰል ሙጫ ለጉሮሮ መድኃኒት ይውል ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ጣፋጭ ሠሪዎች ያንን ሙጫ ከስኳርና ከእንቁላል ነጭ ጋር መትተው ከረሜላ አደረጉት። በኋላ ጀላቲን የተክሉን ቦታ ያዘ፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደግሞ በማሽን እንደ ገመድ እየተጨመቀና እየተቆረጠ የሚወጣበት ዘዴ ተፈጠረና ርካሽ ሆነ። የተጠበሰውን ማርሽሜሎ ከቸኮሌት ጋር በሁለት ብስኩት መካከል አድርጎ መብላትን የአሜሪካ ሴት ስካውቶች በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መመሪያ ውስጥ እናገኘዋለን። ይህ ይበቃል፤ ወደ እሳቱ እንሂድ።

እርስዎ «እጄ አልነካውም» ይበሉ እንጂ ጥበቡን የሚያውቅ ሰው በሰፈርዎ አለ። ነሐሴ ላይ በሀዋሳ መንገድ ዳር ተቀምጣ በቆሎ እሸት የምትጠብሰውን ሴት ልብ ብለው ይመልከቷት። ከሰሉ ገና ነበልባል ሲያወጣ በቆሎውን አታስጠጋም። በካርቶን ቁራጭ እያራገበች ትጠብቃለች፤ ከሰሉ ቀልቶ፣ በላዩ ስስ ግራጫ አመድ ሲለብስ ነው ማንደጃው ላይ የምትደረድረው። ከዚያም እጇ አያርፍም፤ አንዱን ስታዞር ሌላው ይደርሳል። የማርሽሜሎ ጥበብ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚለየው ጊዜው ማጠሩ ብቻ ነው። ልጆቹን ከማንም በፊት ወደ እርሷ ይውሰዷቸው፤ በቆሎ ይግዙላቸውና አጠባበሷን ይዩ።

ነበልባል የማይሆንበት ምክንያት አለው። ቢጫ ነበልባል ጥላሸት ተሸክሞ ይወጣል፤ ጥላሸቱም ማርሽሜሎው ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ ስኳር ራሱ ይነድዳል። ነበልባል የነካው ማርሽሜሎ በሰከንዶች ውስጥ ከላይ ከስሎ ውስጡ ግን ቀዝቃዛና ድርቅ ያለ ሆኖ ይቀራል። ፍም ግን ሙቀቱን የሚልከው በጨረር ስለሆነ ገላውን በእኩል ያገኘዋል። ጀላቲን በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ማለትም በሰውነታችን ሙቀት፣ መቅለጥ ይጀምራል፤ ላዩ ወርቃማ የሚሆነው ግን ከ140 ዲግሪ በላይ፣ ስኳሩና ፕሮቲኑ ሲዋሐዱ ነው፤ ከ160 ዲግሪ በላይ ደግሞ ስኳሩ ራሱ ወደ ካራሜልነት ይለወጣል። እንግዲህ ሥራው ውስጡ እስኪቀልጥ ጊዜ እየሰጡ፣ ላዩን ግን ከወርቃማው ቀለም ሳያሳልፉ ማቆየት ነው። ይህን የሚፈቅደው ፍም ብቻ ነው።

ማርሽሜሎውን ከፍሙ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ይያዙት። ትክክለኛውን ከፍታ ለማወቅ አዋቂ ሰው መዳፉን እዚያው ቦታ ላይ ይዞ ይቁጠር፤ አራት ሳይደርስ እጁን ለማንሣት ከተገደደ እሳቱ ገና ኃይለኛ ነው። ከዚያ በኋላ በዝግታ፣ ሳያቋርጡ ማዞር ነው። መጀመሪያ ላዩ ላይ የተነሰነሰው ዱቄት ይጠፋና ገላው እርጥብ መስሎ ያብለጨልጫል። ቀጥሎ ጫፍ ጫፉ እንደ ገለባ ቢጫ ይሆናል። ወዲያው ውስጡ ያለው አየርና እንፋሎት ስለሚሰፋ ማርሽሜሎው ይነፋል፤ ከመጀመሪያው መጠኑ ብዙ ይጨምራል። ቀለሙ ወደ ወርቃማ ቡናማ ሲደርስ በእንጨቱ ላይ መንሸራተትና መዝመም ይጀምራል፤ ውስጡ ቀለጠ ማለት ነው። ያን ጊዜ ይነሣ። ጠቅላላ ሥራው ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ነው። ወዲያው አይበላም፤ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይቆይ፤ ሲቀዘቅዝ የተነፋው ይሟሽሽና ቆዳው ይሸበሸባል። ልጆቹን የሚያስደስታቸው ደግሞ ይህ ነው፤ ያንን የጠነከረ ቆዳ በጣት ጫፍ ይዘው ቀስ ብለው ቢስቡት ሙሉውን ይወልቃል። ቆዳውን በልተው፣ በእንጨቱ ላይ የቀረውን ነጭ ገላ እንደገና መጥበስ ይችላሉ።

ማርሽሜሎው በእሳት ቢያያዝ ልጁ እንጨቱን እንዳያወዛውዝ ደጋግመው ይንገሩት። የሚነድድ ስኳር ተወርውሮ የሌላ ልጅ ፊት ላይ ሊያርፍ ይችላል። ወደ ራሱ አቅርቦ «እፍ» ብሎ ማጥፋት፣ ካልጠፋም እሳቱ ውስጥ መተው ነው። የቀለጠ ስኳር ከፈላ ውሃ የበለጠ ይሞቃል፣ ደግሞም ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ቃጠሎው ይከፋል። ከተቃጠለ በቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር ለ20 ደቂቃ ያህል ይያዝ፤ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ቡና ወይም ሊጥ አይደረግበት። ቆዳው ከተላጠ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ቃጠሎው ፊት ላይ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ሌላው ስጋት መታነቅ ነው። የቀለጠ ማርሽሜሎ ጉሮሮ ላይ ሊወተፍ ይችላል፤ ከአራት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አይሰጥ፤ ትልልቆቹም ቁጭ ብለው ይብሉ፣ አፋቸው ሞልቶ አይሩጡ። እንጨት የያዘ ልጅም አይራመድ፤ እንጨቱን የሚይዘው ተቀምጦ ነው።

ለመጥበሻ የሚሆነው እንጨት ከ75 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም ልጁ ከእሳቱ ርቆ ይቀመጣል። ከሲዳማ ደጋ የሚመጣው ቀርከሃ ተሰንጥቆና ተልጦ ግሩም መጥበሻ ይሆናል፤ ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፣ ጫፉ አይነድድም። ያልተሰነጠቀ ቀርከሃ ግን እሳት ውስጥ አይጣል፤ በአንጓዎቹ መካከል የታመቀው አየር ሲሞቅ ይፈነዳል። ልጆቹ ከአጥሩ ላይ ያገኙትን ቅርንጫፍ ሰብረው እንዳይጠቀሙ ይጠብቁ። በሰፈሮቻችን ለአጥር የሚተከለው ቅንጭብ ወተቱ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል፤ ለጌጥ ከሚተከሉት መካከልም መርዛማ አሉ። ማገዶውም ቢሆን ከቅንጭብ፣ ከቁልቋል፣ ቀለም ከተቀባ ጣውላ፣ ከችፑድና ከፕላስቲክ የጸዳ ይሁን። እሳቱን በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ መለኮስ ፈጽሞ አይገባም፤ ከአደጋው ሌላ ሽታው የሚጠበሰው ላይ ያርፋል። ደረቅ ጭራሮ ይበቃል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይነድዳል፣ ፍሙ ግን አይቆይም። ከቡና ማሳ በጉንደላ የሚወገደው ያረጀ የቡና እንጨት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ፣ ካገኙት፣ ጥሩና ረጅም ዕድሜ ያለው ፍም ይሰጣል። ካላገኙ ደረቅ ከሰል በማንደጃ አድርጎ መጥበስ ምንም አያጓድልም፤ እንዲያውም ለመጀመሪያ ቀን ማንደጃውን እመርጣለሁ፤ እሳቱ ትንሽ፣ ቦታውም የተወሰነ ነውና።

ዝናቡን በተመለከተ፦ የእህትዎ ልጆች «የበጋ ዕረፍት» የሚሉት ለእኛ ሐምሌና ነሐሴ ነው። የሀዋሳ ዝናብ ከሰዓት በኋላና ማታ መምጣት ስለሚወድ ከሰዓቱ ጋር መጫወት ያስፈልጋል። ማገዶው ከሳምንት በፊት ከጣራ ሥር ገብቶ ይድረቅ። ሰማዩ ክፍት ከሆነ እሳቱን ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ይለኩሱ፤ አሥራ ሁለት ሲሆን ፍሙ ይደርሳል፣ ልጆቹም ገና በብርሃን ይጠብሳሉ። ዝናቡ ቢጀምር ማንደጃውን ሁለትና ሦስት ጎኑ ክፍት ወደሆነ በረንዳ ማስጠጋት ይቻላል። ወደ ቤት ውስጥ ግን አይግባ። «ፍም ብቻ ነው፣ አያጨስም» ብሎ ማስገባት ሰው ይገድላል፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ልጆች በተኙበት ክፍል ደግሞ ማንም ሳያውቅ ሥራውን ይጨርሳል። በዚህ ጉዳይ ላይ ለዝናብም ለብርድም ብዬ የምተወው ነገር የለም።

ልጆቹ «ሐይቁ ዳር እናንድድ» ማለታቸው አይቀርም። እኔ አልመክርም። በሐይቁ ውስጥ ያሉት ጉማሬዎች ሣር ለመጋጥ ወደ ዳር የሚወጡት ሲመሽ ነው፤ ቄጠማ በበዛበት ዳርቻ ሲጨልም ከልጆች ጋር መቀመጥ አደገኛ ነው። ፍቅር ሐይቅ የሕዝብ መናፈሻ ስለሆነ መሬቱ ላይ እሳት የሚለኮስበት ቦታ አይደለም። ቀን ላይ ሐይቁን ያሳዩአቸው፣ አሞራ ገደል ወስደው ዓሣ ያብሏቸው፤ እግረ መንገድዎን ግን ማርሽሜሎውን ከቦርሳ እንዳያወጡ፣ እዚያ ያሉት ጦጣዎች ከልጅ እጅ መንጠቅ ለምደዋል፤ ስኳር ደግሞ ለእነርሱም ምግብ አይደለም። ማታ የግቢዎ እሳት ይበቃል። ከሣር ጣራ፣ ከልብስ ማስጫና ከአጥር ራቅ ያለ ቦታ ይምረጡ፤ አጠገቡም አንድ ባልዲ ውሃና አሸዋ ይቀመጥ።

«እዚህ መሥራትስ ይቻላል?» ላሉት፣ አዎ፣ በደንብ ይቻላል። የሚያስፈልገው 21 ግራም የከብት ጀላቲን ዱቄት፣ 300 ግራም ስኳር፣ 320 ግራም የግሉኮስ ሽሮፕ፣ በሁለት የተከፈለ 240 ሚሊ ሊትር ውሃና ቁንጥር ጨው ነው። ጀላቲኑንና ግሉኮሱን የኬክ ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ይጠይቁ፤ ጀላቲኑ ከምን እንደተሠራ ማሸጊያው ላይ ካልተጻፈ አይግዙት። ግሉኮስ ካጡ በዚያው ልክ የተጣራ ማር ይተካዋል፤ ጣዕሙ ይጎላል፣ እሳት ላይ ግን ቶሎ ስለሚጠቁር ከፍሙ ራቅ ተደርጎ ይጠበሳል። ጀላቲኑን በግማሹ ቀዝቃዛ ውሃ ነስንሰው አሥር ደቂቃ ያቆዩት፣ ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል። ስኳሩን፣ ግሉኮሱን፣ ጨውንና ቀሪውን ውሃ ሳያማስሉ ያፍሉ።

አሁን ከኢንተርኔት የተቀዱ የአሠራር መመሪያዎች ሀዋሳ ላይ ለምን እንደሚከሽፉ ልንገርዎ። መመሪያዎቹ ሽሮፑ 115 ዲግሪ እስኪደርስ ይቀቀል ይላሉ። ያ ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽሮፑም በዚያው ልክ ቀደም ብሎ ውሃውን ያጣል። እዚህ 115 ዲግሪ እስኪደርስ የጠበቀ ሰው ያለ ልክ የደረቀ ሽሮፕ ያገኛል፤ ማርሽሜሎውም ጎማ ይሆናል። በእኛ ከተማ 109 ወይም 110 ዲግሪ ላይ ያውርዱት። ቴርሞሜትር ከሌለዎት ደግሞ ከፍታ የማያሳስተው የጥንት መለኪያ አለ፤ ከሽሮፑ ጠብታ ወስደው ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ስኒ ውስጥ ይጨምሩ፣ በጣትዎ ሲሰበስቡት ለስላሳ ድቡልቡል ከሆነና ከውሃው ሲያወጡት ቀስ ብሎ ጠፍጠፍ ካለ ደርሷል። ክር ብቻ ከሆነ ገና ነው፤ ከጠጠረ አልፏል።

የደረሰውን ሽሮፕ በጀላቲኑ ላይ በቀጭኑ እያፈሰሱ በኤሌክትሪክ መምቻ ይምቱት፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ በፍጥነት፣ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ። ግልጽ ፈሳሽ የነበረው ነጭና ወፍራም ሆኖ ሣህኑ ለብ እስኪል መምታቱ አይቋረጥ። በተጣራ ዱቄት ስኳርና በበቆሎ ስታርች እኩል ድብልቅ የተነሰነሰ ትሪ ላይ ገልብጠው፣ ላዩንም ነስንሰው አንድ ሌሊት ያሳድሩት። በማግሥቱ ዘይት በተቀባ ቢላዋ ይቆረጣል፤ የተቆረጠበትም ጎን በዚያው ድብልቅ ይነሰነሳል። የክረምት አየር እርጥበት አለው፣ ስኳር ደግሞ እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን አይግባ።

ይህ የጀላቲኑ ነው። የቤቱ አዋቂዎች በፍልሰታ ጾም ከሆኑና ቪጋኑ ማርሽሜሎ ካልመጣ፣ ከሽምብራ የሚሠራ ሌላ ነገር አለ፤ እኔም እጅግ የምወደው እርሱን ነው። ሽምብራ የተቀቀለበት ውሃ እንደ እንቁላል ነጭ ይመታል። ይህን በ2014 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው አንድ ፈረንሳዊ ድምፃዊ ነው፤ ሽምብራን በብዛት ለምንበላና ውሃውን ለምንደፋ ለእኛ ግን ከማንም በላይ ይጠቅመናል። ሽምብራውን አሳድረው ይቀቅሉት፤ ውሃውን አጥልለው እንደ እንቁላል ነጭ እስኪወፍር በዝግታ ያንተክትኩት፤ ያቀዝቅዙት። ከዚህ 120 ሚሊ ሊትሩን ጥቂት የሎሚ ጠብታ ጨምረው፣ ተራራ ሠርቶ እስኪቆም ይምቱት፤ ከእንቁላል ነጭ የበለጠ ጊዜ ስለሚወስድ ተስፋ አይቁረጡ። ከዚያም 200 ግራም ስኳርና 60 ሚሊ ሊትር ውሃ ከላይ በተናገርኩት መለኪያ ቀቅለው በቀጭኑ እያፈሰሱበት መምታቱን ይቀጥሉ። የሚወጣው ነጭ፣ አንጸባራቂና ወፍራም አረፋ ነው። የሽምብራ ጣዕም አይሰማበትም፤ ጥቂት ቫኒላ ከገባበት ጨርሶ አይለይም።

ይህ አረፋ እንጨት ላይ አይሰካም። ግን እኛ ድፎ ዳቦ የምንጋግርበት «እሳት ከላይ፣ እሳት ከታች» የሚባል ዘዴ አለን። ሙልሙል ዳቦ በቁመቱ ለሁለት ከፍለው፣ ጥቁር ቸኮሌት ደርድረውበት፣ አረፋውን በወፍራሙ ይቀቡትና ሰፊ የብረት ድስት ውስጥ ያስቀምጡት። ድስቱ ለዘብ ያለ ፍም ላይ ይቀመጥ፤ ክዳኑ ላይ ግን ጋል ያለ ፍም ይደርደር። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይተው ክዳኑን በጥንቃቄ ሲያነሡት፣ ከላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያለው፣ ከታች የዳቦው ልብ ሞቆ ቸኮሌቱ የቀለጠ ነገር ያገኛሉ። ወተት የሌለበት ቸኮሌት መሆኑን ማሸጊያው ላይ ያረጋግጡ።

ቸኮሌትን ካነሣሁ፣ በብስኩት ለሚበሉትም የምነግራቸው አለኝ። ብዙ ሰው የተጠበሰውን ማርሽሜሎ ቀዝቃዛ ቸኮሌት ላይ ያስቀምጥና ቸኮሌቱ አልቀልጥ ይለዋል። ብስኩቱን ከነቸኮሌቱ ቀድመው እሳቱ ዳር፣ ሙቀት በሚደርስበት ድንጋይ ላይ ያኑሩት። ማርሽሜሎው ሲደርስ ቸኮሌቱ ለስልሶ ይጠብቀዋል። ብስኩቱ ያልጣፈጠ፣ ደረቅ ያለ ይሁን፤ ክሬም ያለበት ብስኩት ስኳር በስኳር ያደርገዋል። አንዱ ማርሽሜሎ ራሱ አራት ግራም ያህል ስኳር ስላለው ለአንድ ልጅ ለአንድ ምሽት ሦስት ይበቃዋል።

የቀረው ሆድ በእኛው ነገር ይሞላ። እሳቱ ነበልባል ሳለ ልጆቹ ይሙቁ፣ ይዝፈኑ። ፍም ሲሆን በቆሎና ማርሽሜሎ ይጠበስ። ወደ ረመጥ ሲወርድ ደግሞ የስኳር ድንችና የሙዝ ተራ ነው። የበቆሎ እሸት የተሸለቀቀ ዕለት ይጠበስ፤ ከተቆረጠ በኋላ ስኳሩ ወደ ስታርች መለወጡን ስለማያቆም ያደረ እሸት ጣዕሙን ያጣል። ለልጆች ከነቅጠሉ ውሃ ነክረው ፍም ላይ ቢያደርጉት በራሱ እንፋሎት ይበስላል፤ በመጨረሻ ቅጠሉን ልጠው አንድ ሁለት ደቂቃ ያስነኩት።

ስኳር ድንች ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በውስጡ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጥ ኤንዛይም አለ፤ ይህ ኤንዛይም በደንብ የሚሠራው ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። በፈላ ውሃ ሲቀቀል በዚያ ሙቀት ውስጥ ቶሎ አልፎ ይሄዳል። ረመጥ ውስጥ ሲቀበር ግን ሙቀቱ ወደ ውስጥ የሚገባው ቀስ በቀስ ስለሆነ ኤንዛይሙ ረጅም ጊዜ ያገኛል፤ የረመጥ ስኳር ድንች ከተቀቀለው ይልቅ የሚጣፍጠው ለዚህ ነው። መካከለኛ መጠን ያለውን መርጠው፣ ሳይልጡ፣ ከፍም ርቆ በትኩስ አመድ ውስጥ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቅበሩት። ሲደርስ ሲጫኑት ይለሰልሳል፤ በልጡ ስንጥቅ በኩልም ማር የመሰለ ጭማቂ ወጥቶ ይጠቁራል። ነጩ ዱቄታማ ነው፤ ብርቱካናማው፣ ማለትም ሀዋሳ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው እንደ ቱላና ኩልፎ ያሉት፣ ለቫይታሚን ኤ የሚመሰገን ሲሆን ውሃው በዛ ስለሚል ይበልጥ ይለሰልሳል። ለአሜሪካዎቹ ልጆች ግማሹን ሰንጥቀው ማርሽሜሎ ቢያስቀምጡበት ያውቁታል፤ በአገራቸው የምስጋና ቀን ስኳር ድንችን ከማርሽሜሎ ጋር መጋገር የተለመደ ነው።

ለሙዝ የፎይል ወረቀት አይግዙ። የእንሰት አገር ላይ ሆነን ኮባ እያለን ምን አስቸገረን? የኮባውን ቅጠል አንድ ጊዜ ፍም ላይ ያሳልፉት፤ ጠውልጎ ሳይሰበር ይታጠፋል። የበሰለ ሙዝ ልጣጩን በቁመቱ ሰንጥቀው ቸኮሌት ወይም ማር ጨምረውበት በኮባ ጠቅልለው ረመጥ ዳር አሥር ደቂቃ ያኑሩት፤ በማንኪያ ይበላል። ከአለታ ጩኮ በኩል የሚመጣው አናናስም በወፍራሙ ተቆርጦ ፍም ላይ ቢገለባበጥ ስኳሩ ላዩ ላይ ይጠቁራል፣ ኮምጣጣነቱም የማርሽሜሎውን ጣፋጭነት ይቆርጠዋል።

አንድ ምሽት ብቻ መምረጥ ካለብዎት የቡሄን ዋዜማ፣ ነሐሴ 12ን ይምረጡ፤ በፈረንጆቹ ነሐሴ 18 ነው። በአሜሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶች በዚያው ሰሞን ስለሚከፈቱ የእህትዎን የመመለሻ ቲኬት ቀን አስቀድመው ይጠይቁ። ያን ምሽት ችቦው ለብቻው፣ የምግቡ እሳት ለብቻው ይሁን፤ ችቦ የያዘ ልጅ መጥበሻ አይያዝ። «ሆያ ሆዬ» ለሚሉት የሰፈሩ ልጆች ሙልሙሉን እንደ ወጉ ይስጡ፤ ከፈለጉ ደግሞ ከሽምብራው አረፋ የተቀባ ቁራጭ ይጨምሩላቸው። ጾሙ ስላልተፈታ ሁሉም ነገር ከጀላቲን፣ ከወተትና ከቅቤ የጸዳ መሆኑን ያስተውሉ።

ሲጨርሱ ረመጡ ላይ ውሃ አፍስሰው በእንጨት ያማስሉት፣ ደግመው ያፍስሱ፤ አመድ የለበሰ ረመጥ የጠፋ ይመስላል እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ይቆያል፣ ልጆች ደግሞ ማለዳ ባዶ እግራቸውን ይወጣሉ። የሚያገኙት ጀላቲን ማሸጊያ ላይ የማያውቁት ጽሑፍ ካለ እዚሁ ይጻፉልኝ፣ አይቼ እመልስልዎታለሁ።